የደንጌን አደጋ ለመረዳት ቫይረሱን መቁጠር ብቻ አይበቃም

በትንኝ የሚተላለፈው የደንጌ ትኩሳት ሕመምተኛውን ለከፋ አደጋ የሚያጋልጠው ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ሕመሙ በጀመረ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ እየቀነሰ ሳለ፣ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ቁጥራቸው ያሽቆለቁላል፤ ፈሳሽ ከደም ሥሮች ይወጣል፤ መድማትም ሊከተል ይችላል። ቫይረሱ እየተሸነፈ ሕመምተኛው የሚጎዳበት ምክንያት በቫይረሱ መጠን ብቻ ሊብራራ አይችልም። ስለሆነም ሕዋሳት ወደ ደም የሚለቋቸው ረቂቅ ከረጢቶች በበሽታው ጥናት ውስጥ የላቀ ትኩረት ሊሰጣቸው ይገባል።

እነዚህ ከረጢቶች በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ሲሆኑ፣ ከአንዱ ሕዋስ ፕሮቲንና አር ኤን ኤ ይዘው ወደ ሌላው ያደርሳሉ። የታይዋን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በደንጌ ቫይረስ የተቀሰቀሱ ፕላትሌቶች የሚለቋቸው ከረጢቶች ነጭ የደም ሕዋሳትን አነሣሥተው ብግነትን እንደሚያባብሱ አሳይተዋል። በአንጻሩ፣ ከረጢቶች ቫይረሱን የሚገታ ፕሮቲን ወደ ጤናማ ሕዋሳት እንደሚያደርሱ ያመለከተ የቤተ ሙከራ ጥናትም አለ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከረጢቶቹ በጥቅሉ ጎጂ ናቸው ወይስ ጠቃሚ የሚለው ሳይሆን፣ ከየትኛው ሕዋስና በየትኛው የሕመሙ ቀን እንደተለቀቁ ነው።

ይሁን እንጂ የመስኩ ግኝቶች በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። የደንጌ ቫይረስ ስፋት 50 ናኖ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ኤክሶዞም የሚባሉት ከረጢቶች ደግሞ በአብዛኛው ከ30 እስከ 150 ናኖ ሜትር ናቸው። በመጠን ስለሚቀራረቡ በሴንትሪፊዩጅ ብቻ ሲለዩ በቀላሉ ይደባለቃሉ፤ የቫይረሱ ሥራም የከረጢቶቹ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። በተጨማሪም ደም በቱቦ ውስጥ ሲረጋ ፕላትሌቶች ሌሎች ከረጢቶችን ይለቃሉ። ስለዚህ ለምርመራ የተቀመጠ ሴረም ለዚህ ጥናት አሳሳች መረጃ ሊሰጥ ይችላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ የደንጌ ወረርሽኝ ተከስቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አልጋ ያነሰው ሆስፒታል የትኛውን ሕመምተኛ አስተኝቶ መከታተል፣ የትኛውን ወደ ቤቱ መመለስ እንዳለበት መወሰን ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ውሳኔ የሚረዳ ጥናት፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ሕመምተኞች ትኩሳቱ ከመብረዱ በፊትና በኋላ ደም በመውሰድ ይጀምራል። ናሙናው እንዳይረጋ ይደረጋል፤ ፕላትሌቶቹም ከመቀዝቀዙ በፊት ከፕላዝማው ይወገዳሉ። የከረጢቶቹም መጠን ከሕመምተኛው የመጨረሻ ሁኔታ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ልኬት በርካሹ የፕላትሌት ቆጠራ ከሚታወቀው በላይ ካልተነበየ ወደ ሕክምና መግባት የለበትም። ከተነበየ ግን ትኩሳቱ ስለበረደለት ብቻ ወደ ቤቱ ሊሸኝ የነበረውን ሕመምተኛ ሊያተርፍ ይችላል።