የታደሰ ቤትና ነዋሪው

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። አንዱ የሰው እጅ ሥራ፣ ሌላው የተፈጥሮ ጸጋ ቢሆንም፣ በሁለቱም ክልል ውስጥ በጊዜው መኖሪያ ቤቶች ነበሩ። የእነዚህ ቤቶች ዕጣ ፈንታ ግን ከቅርሶቹ እኩል ትኩረት አላገኘም።

በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አቅራቢያ የሚታዩት የላስታ ጎጆዎች ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተገነቡ፣ ክብ ቅርጽ ያላቸው፣ ምድርና ፎቅ የሆኑ ቤቶች ናቸው። የሰፈሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ የተወሰኑት ጎጆዎች በቦታቸው እንዲጠበቁ ተደርጓል። የግድግዳቸው አሠራርና ከመልክዓ ምድሩ ጋር ያላቸው ስምምነት አድናቆት ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሰው ያልኖረበት ቤት ቶሎ ያረጃል። የምድጃው ጭስ የጣሪያውን ሣርና እንጨት ከነፍሳት ይከላከላል፤ የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ ቀድሞ የሚያየውም በውስጡ የሚያድረው ነው። ነዋሪው ሲወጣ ዕለታዊ ጥገናው አብሮ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተመዘገበው የሐረር ጁገል ሌላ መንገድ ያሳያል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት መደቦች ለእያንዳንዱ ተቀማጭ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታ ይሰጣሉ፤ ግድግዳው በስፌት ዕቃ ያጌጣል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም የቤተሰብ መኖሪያ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እንግዳ በማሳደር ገቢ ያገኛሉ። እዚያ ጎብኚው የሚያደንቀው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የቀጠለውን ሥርዓት ጭምር ነው።

በእርግጥ ነዋሪን በቦታው ማቆየት ሁልጊዜ አይቻልም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ እርሻና ልቅ ግጦሽ በዱር እንስሳቱ መኖሪያ ላይ ያሳደሩት ጫና ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ የተደረገውም ከዚህ የተነሣ ነው። ውሳኔው ለዋልያው አስፈላጊ ነበር ቢባል እንኳ፣ በዚያ ከፍታ ብርድና ነፋስን የሚቋቋም ቤት የመሥራት ዕውቀት ከመንደሩ ጋር ሊጠፋ አይገባውም። ዕውቀቱን የያዙት ሰዎች ዛሬ የደባርቅ ነዋሪዎች ስለሆኑ ለመመዝገብ ጊዜው አላለፈም።

በደባርቅና በዳባት የሚገኙ የቆዩ የድንጋይና የጭቃ ቤቶችም ነገ የዕድሳት ዕቅድ ሊወጣላቸው ይችላል። ያ ከመሆኑ በፊት ሦስት ተግባራት ይቀድማሉ። አንደኛው የግንበኞችን ዕውቀት ከነቃላቱ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ለጥገና የሚውለውን ቁሳቁስ መወሰን ነው፤ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን አፍኖ ግድግዳውን ከውስጥ ያዳክመዋልና። ሦስተኛው በቤቱ የሚኖረው ቤተሰብ የጥገናው ወጪ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን የገቢው ተካፋይ የሚሆንበትን አሠራር ማበጀት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ በአካባቢው ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሜትርና በመቅረጸ ድምፅ ብቻ ሊጀምሩት ይችላሉ።