ከረጢቱ ላይ ያለው ስም ስንት ያወጣል?

ይኼኛው ረዘም ይላል፤ የቸኮላችሁ ማታ ተመለሱበት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀልድ ጽፌ ነበር። ኬንያ በፈረንጆቹ 2017 ፌስታል ከከለከለች ወዲህ ሰው ሁሉ የጨርቅ ከረጢት ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ታዲያ የእኛ ሰው የውድ ሱፐርማርኬት ስም ያለበትን ከረጢት አጥቦ፣ አጣጥፎ ያስቀምጥና ሙቱርዋ ገበያ ወርዶ ሽንኩርትና ሱኩማ ይሞላበታል። ከማታቱ ሲወርድ ስሙ ወደ ውጭ፣ ሽንኩርቱ ወደ ውስጥ። ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። አንዲት እናት ግን አልሳቁም፤ እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦

«መምህር፣ ስደተኛ ስለሆንን ነው ጥሩ ቤት ገብተን መግዛት የማይገባን? እዚያ ዋጋው ተለጥፏል። ፊቴን አይቶ የሚጨምርብኝ የለም። ከየት መጣሽ የሚለኝ የለም። ለዚህ ብዬ ትንሽ ብጨምር ምን አለበት?»

ከአስተያየቶቹ ሁሉ ቁም ነገር ያለው የእርሳቸው ነው። ስለዚህ ቀልዱን ትቼ መልስ ልስጥ። እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በጉዳዩ አልስማማም። ያሉት ነገር ግን እውነት ነው፤ ከእውነቱ ልጀምር።

እኔ ራሴ ናይሮቢ እንደመጣሁ ቲማቲም ልገዛ ወጣሁ። ከፊቴ የነበረችው ሴት ኪሎውን በ80 ሽልንግ ወሰደች። እኔ ስጠይቅ 110 ሆነ። ያው ቲማቲም፣ ያው ሚዛን። አፌን ከፍቼ መከራከር አልቻልኩም፤ ቋንቋ የለኝማ። ቲማቲሙን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ የተናደድኩት በ30 ሽልንጉ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሂሳብ የማስተምር ሰው፣ ሁለት ቁጥር መቀነስ እንዳቃተኝ ዝም ብዬ መክፈሌ ነው ያበሳጨኝ። በ2014 ኢስሊ በሙሉ ሲታሰስና ሰው ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ሲጋዝ እዚህ የነበሩት ታላላቆቻችን ደግሞ ሌላም ነገር ይነግሯችኋል፤ መንገድ ላይ ቆሞ በማያውቁት ቋንቋ ድምፅ ከፍ አድርጎ መከራከር ራሱ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ማንም የማያናግረው፣ መብራቱ የደመቀ፣ ዋጋው የተጻፈ ቤት ቢመርጥ ጉራ ነው ብዬ አልደመድምም። ያንን ቀልድ ስጽፍ ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ።

ያች ሴትዮ እኔን ባዕድ ስለሆንኩ 30 ሽልንግ ቀጣችኝ። በዚያው ሰሞን ሞሉ ውስጥ ያየሁት ቲማቲም፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ኪሎው 190 ነበር። ለጎረቤቴ ከተሸጠበት ዋጋ 110 ሽልንግ ይበልጣል። በ30 ሽልንግ እንዳንሸወድ ብለን በገዛ እጃችን 110 እንከፍላለን ማለት ነው። ያኛው መሸወድ ይባላል፣ ይኼኛው ግን ዋጋው ስለተለጠፈ ክብር ተባለ። እናቴ፣ ያን የተለጠፈ ዋጋ ማንም ፊትዎን አይቶ አልጨመረውም፤ ሳያይዎት ነው የጨመረው።

«ሱፐርማርኬት ውድ ነው» ብለው የሚዘጉትም ግን ተሳስተዋል። ይህን የምለው ሁለቱንም ደረሰኝ ይዤ ስለመረመርኩ ነው። ስኳር እንውሰድ። ውዱ ቤት ሁለት ኪሎውን በ310 ሸጠልኝ። በራችን ላይ ያለው ኪዮስክ ሩብ ኪሎ በ45 ይሸጣል፤ ስምንት ሩብ 360 ነው። ዘይትም እንደዚያው። ሞሉ ውስጥ ሊትሩ 330፤ ኪዮስኩ ለአንድ ወጥ የምትሆን 50 ሚሊ ሊትር በ20 ሽልንግ ይቀዳልኛል፤ ሲደመር ሊትሩ 400። ኬንያውያን ይህን አገዛዝ «ካዶጎ» ይሉታል፤ ትንሽ ትንሽ ማለት ነው። ገንዘብ በየቀኑ እየተለቀመ ለሚመጣለት ሰው ሌላ መንገድ የለውም፣ ባለሱቁም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ያው ባለሱቅ ነው ሐዋላው ሲዘገይ በዱቤ የሚሰጠን። ግን ድሃ ሰው ከሀብታም አስበልጦ ስኳር ይገዛል፤ ይህን ሳያውቁ በሱፐርማርኬት ደንበኞች ላይ መሳለቅ አይገባም። የታሸገ ነገር፣ የሕፃን ዱቄት ወተት፣ የመጠቀሚያ ቀኑን አንብባችሁ የምትገዙት ነገር ከሆነ፣ ዋጋው የሚቀራረብ እስከሆነ ድረስ ግቡና ግዙ። እኔም እገዛለሁ።

ኪሳችንን የሚያወልቀው ስኳሩ አይደለም። የእኔን ደረሰኝ ላሳያችሁ፣ ማንንም ከማማት።

ባለፈው የበዓል ሰሞን ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች ይዤ ከኢስሊ ወጣ ብሎ ካሉት ሞሎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ትንሹ ጋሪው ውስጥ ተቀመጠ፣ ትልቋ ገፋች። 11,340 ሽልንግ አወጣሁ፤ ታክሲው ሳይቆጠር። ቤት ገብቼ ደረሰኙን በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት፣ እንደ ተማሪ ፈተና። 3,900 የሚሆነው የትም ብገዛው ብዙ የማይለይ ነበር፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና። 3,640 የሚሆነው አትክልት፣ ፍራፍሬና ሥጋ ነው፤ በሳምንቱ ያንኑ ዝርዝር ሙቱርዋና የሰፈራችን ሥጋ ቤት ይዤ ስሄድ 1,700 አልሞላም። የቀረው 3,800 ደግሞ ከቤት ስንወጣ ወረቀታችን ላይ ያልነበረ ነው። ባለ ዶሮ ሥዕል የበቆሎ ቅንጣቢ ቁርስ፣ በመረብ የታሰረ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ፖም፣ ልጆቹ አንዴ ቀምሰው የተዉት አይብ። ብስኩቱ ቤት ሳንደርስ አልቋል።

እና ፎቶ ተነሳን። ለጠፍኩት። «አማረባችሁ»፣ «እደግ መምህር» ብላችሁ ከጻፋችሁት ውስጥ ይህን የምታነቡ አላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቴ ድምፅ ላከችልኝ። ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ የእኔ ደመወዝ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ከፍሎ ያልቃል፤ የምንበላው የእርሷን ነው። እንዲህ አለች፦ «አንተ ልጅ፣ ልጆቹ እንዴት ያምራሉ! እኔም እንደዚያ ያለውን ጋሪ በየሳምንቱ እገፋለሁ፤ ማዳም ከፊት ከፊት እየሄደች። ለራሴ ግን አንድ ቀን ገዝቼበት አላውቅም። የእናንተን ሳይ ደስ አለኝ።»

ወቀሳ አልነበረም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ከልቧ ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰምቼ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ደመወዟ በወር 1,000 ሪያል ነው፤ በእኛ ወደ 34 ሺህ ሽልንግ። ለ30 ቀን አካፍሉት። የእኔ ደረሰኝ የእህቴ አሥር ቀን ነው። የበቆሎው ቅንጣቢ፣ ፖሙና አይቡ ብቻቸውን ከሦስት ቀን በላይ። ሰው ቤት ሦስት ቀን ማለት ስንት ክፍል መጥረግ፣ ስንት ሸሚዝ መተኮስ እንደሆነ እርሷ አልነገረችኝም፤ እናንተ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ እናቴ፣ «ለክብሬ ብጨምር ምን አለበት» ላሉኝ መልሴ ይህ ነው። ጭማሪውን የምንከፍለው እኛ ብንሆን ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። አብዛኞቻችን ቤት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት የሰው ጋሪ እየገፋ ነው።

(ወንዶቹ ቀስ ብላችሁ አጨብጭቡ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ እስር ሚራ ገዝቶ «ሚስቴ ሞል ለመደች» እያለ የሚያማ ሰው እኔ ጋር ድጋፍ የለውም። የሚራውንም ደረሰኝ በዚያው በቀይ እስክሪብቶ እናርመዋለን።)

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የት ተቀምጠን እንደሆነ ነው። ኢስሊ እኮ ነው! ከኬንያ ዳር እስከ ዳር፣ ከኡጋንዳም ከታንዛኒያም ነጋዴ እየመጣ በጅምላ ዕቃ የሚጭንበት ሰፈር። ይህ ገበያ እንዴት እንደተጀመረ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ጋሪሳ ሎጅ የሚባል የመኝታ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይተው፣ ሌሊት የሚተኙበትን ክፍል ቀን ሱቅ አደረጉት። ከዚያ የሞሎቹ መንደር ሆነ። ስደተኞች ነበሩ፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ። ሰው አገር አቋርጦ ረከሰ ብሎ ወደሚመጣበት ሰፈር ተከራይተን እየኖርን፣ እኛ ታክሲ ይዘን ውድ ወደሆነበት እንወጣለን።

«ታዲያ ቋንቋውስ?» ትሉኛላችሁ። ዋናው ይኼ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እዚህ አምስትና አሥር ዓመት የኖርን ሰዎች እስከ መቶ በስዋሂሊ መቁጠር አንችልም። ሲቲኒ 60 መሆኑን፣ ሳቢኒ 70 መሆኑን ባለመለየት በየቀኑ አሥር ሽልንግ የምንጥል አለን። ልጆቻችን ይችላሉ። ተማሪዎቼ በዕረፍት ሰዓት እርስ በርሳቸው በስዋሂሊ ነው የሚጣሉት። እናቶቻቸው ግን ገበያ ሲሄዱ ልጁን አስከትለው አያስተረጉሙም፤ ያፍራሉ። ሞል ቢሄዱ ማንንም ማናገር የለባቸውም። ያው ዝምታ ነው እዚያ የሚሸጠው፤ ቲማቲሙ ላይ የተጨመረው 110 ሽልንግ የዝምታ ዋጋ ነው። ደግሞ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ይከፈላል።

ቋንቋውም እንደምናስበው ሩቅ አይደለም። ስኳር ሱካሪ ነው። ሳሙና ሳቡኒ ነው። ሻይ ቻይ፣ ሚዛን ሚዛኒ። ሰዓት አቆጣጠራቸው እንኳ የእኛው ነው፤ ሳ ታቱ ካሉዎት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ እንደ ፈረንጅ ስድስት ደምሩ ቀንሱ የለም። «ቤይ ጋኒ» ዋጋው ስንት ነው፣ «ፑንጉዛ ኪዶጎ» ትንሽ ቀንሱልኝ። እኔ በእነዚህ ሁለት አረፍተ ነገሮችና በቁጥሮች ብቻ ነው የጀመርኩት። አሁን ያች የቲማቲም ሴትዮ «ምዋሊሙ» ብላ ትጠራኛለች፤ መምህር ማለቷ ነው። 80 ነው የምትሸጥልኝ፣ አንዳንዴም ከላይ ሁለት ፍሬ ትመርቃለች። ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኛለች፣ አዎ። ነገርኳት። እርሷም ከምዕራብ ኬንያ ልጆቿን ለእናቷ ትታ እንደመጣች ነገረችኝ።

ሌላው ነገር ቅርጫ ነው። በሬ ጥለን፣ መደብ መደብ አድርገን፣ ዕጣ አውጥተን የምንካፈል ሰዎች፣ ስኳር ላይ ስንደርስ ምን ነካን? ባለፈው ወር በእኛ ግቢ አራት ቤት ሆነን ሞከርነው። 50 ኪሎ ስኳር በ6,800፣ የ20 ሊትር ጄሪካን ዘይት በ5,400 ከጅምላ ሱቅ አወጣን። ለየቤቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል ስኳርና አምስት ሊትር ዘይት ደረሰ። በኪዮስኩ ዋጋ ሳሰላው እያንዳንዱ ቤት 1,200 ሽልንግ ያህል አተረፈ። የእህቴ አንድ ቀን ናት።

ሁሉ ነገር አማረ አልልም። አንዱ ቤት ገንዘቡ በዕለቱ አልደረሰለትምና ሦስታችን ሸፈንን፤ አራት ቀን ጠበቅን። ዘይቱ ሲቀዳ ደግሞ «የእኔ ጎደለ» የሚል ጭቅጭቅ ተነስቶ ከሥጋ ቤቱ ሚዛን ተውሰን በኪሎ ደገምነው። ስኳሩንም አንድ ቤት ጉንዳን ነካው፣ ክዳን ያለው ባልዲ ያስፈልጋል። እነዚህን እያረምን ነው።

ልጆቹን ሞል መውሰድ ይቅር አላልኩም። ሄደው ደረጃውን በኤሌክትሪክ ይውጡ፣ አይስክሬም ይብሉ፣ ይዩ። ያ መዝናኛ ነው፤ በመዝናኛ ሂሳብ ይያዝ እንጂ በአስቤዛ ስም አይግባ።

ለእህቴም ደወልኩላት። ደረሰኙን አነበብኩላት፣ አሥሩንም ቀን ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ ሳቀችብኝ። «ታዲያ አይቡን ማን በላው?» አለች። ያንን አይብ እስካሁን ማንም አልበላውም።

ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ እኛ ግቢ፣ የገበያ ስዋሂሊ አስተምራለሁ። ክፍያ የለውም። እናቶች ቅድሚያ አላቸው፤ አስተያየቱን የጻፉልኝ እናት ደግሞ የፊት ወንበር ተይዞላቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ሁላችንም አብረን ሙቱርዋ እንወርዳለን፣ የሚከራከሩት እናቶቹ፣ እኔ ተሸካሚ። ለሁለተኛው ዙር ቅርጫ ደግሞ ሁለት ቤት ይጎድለናል፤ በዚህ ዙር ዱቄትም እንጨምራለን። በኢንቦክስ ጻፉልኝ። ባልዲና ከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ከረጢቱ ላይ የፈለገው ስም ይኑር።