ድጋፋችን በልክ ይሁን

ይህ እትም ስለ ታዳጊ ስፖርተኞችና ደጋፊዎቻቸው ነው።

ከቶጎ ውጫሌ ኬላ ማዶ፣ በሶማሊላንድ የተወለደው ሞ ፋራህ በልጅነቱ እንግሊዝ ውስጥ ልቡ ያረፈው እግር ኳስ ላይ ነበር። የሩጫ ተሰጥኦውን ያየው የስፖርት መምህሩ አለን ዋትኪንሰን ግን ኳሱን አልነጠቀውም፤ ከልምምድ በፊት እንዲጫወት እየፈቀደ ወደ ሩጫው አቀረበው። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን፣ በ2016 ሪዮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አራት የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ።

በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በሽንሌ ያላችሁ ወላጆችና አሰልጣኞች፣ ለወንዱም ለሴቷም ልጅ እናጨብጭብ። ከሜዳ ዳር ሆነን ግን ትእዛዝ አንደርድር፤ ሲሸነፉም ፊት አንንሳቸው። ከውጤቱ ይልቅ ጥረታቸውን እናመስግን።

መልካም ንባብ።

አዘጋጁ