ሰሌዳውን በስልክ ማንሣት

አስተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ስልኮች ብድግ ብድግ ይላሉ፤ ደብተሩ ግን ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል። ተማሪው ትምህርቱን የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘውስ ስልኩ ነው።

በካናዳ አገር የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ለተማሪዎች ልዩ ልዩ ቃላት እየሰጡ፣ ለያንዳንዱ ቃል 40 ሰከንድ ፈቅደው፣ ገሚሱን እንዲሥሉት፣ ገሚሱንም ደጋግመው እንዲጽፉት አደረጉ። ኋላም በድንገት ሲጠየቁ፣ ከጻፉት ይልቅ የሣሉትን ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ አስታወሱ። የሥዕሉ ማማር አለማማር ለውጥ አላመጣም፤ ይህም ፈረስ ሥሎ በግ ለሚወጣለት እንደ እኔ ላለው ሰው ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው። የሚሥል ሰው ነገሩ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይሆንበታል፤ ከዚያ እጁ ይሠራል፤ ዓይኑም ያያል።

እርግጥ ሙከራው በነጠላ ቃላት ነው እንጂ በሙሉ ትምህርት አይደለም። ቢሆንም፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ፎቶግራፉን ማታ ከፍታችሁ የውሃውን ዑደት በክብና በቀስት ወደ ደብተራችሁ አዛውሩት። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም ቢሆን አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ እስከ ኃላፊው ጠረጴዛ የሚሄድበትን መንገድ በመስመር ቢሥለው፣ የት ላይ ተኝቶ እንደሚያድር ወዲያው ይታየዋል።