ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ጋዙን በአውራ ጣት እስከ ጥግ ብትጫኑት እንኳ የፊት ጎማው ከአሸዋው የማይነሳ ኳድ (ባለ አራት ጎማ ሞተርሳይክል)፣ ከኋላው 10 ኢንች ክንድ የሚጨመርለት ለምንድን ነው? የማይነሳውን እንዳይነሳ ለመከልከል? ያልታመመን ሰው መርፌ ወግቶ «አየህ፣ ዳንክ!» ማለት ማንን ያታልላል?

የማወራው ስለ ስዊንግ አርም ነው። የኋላ ጎማዎችን ከነአክስላቸው ተሸክሞ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው፣ በሾኩ እየተደገፈ ከፍ ዝቅ የሚለው ክንድ። ኳድ የሚነዱ ሰዎች «ፕላስ 4»፣ «ፕላስ 6»፣ «ፕላስ 10» ሲሉ ከፋብሪካው ልክ በላይ ስንት ኢንች እንደተጨመረ መናገራቸው ነው። ዛሬ በኤምሬትስ በረሃ፣ በተለይ ከዱባይ ወደ ሐታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው አል በዳየር፣ ሙቀቱ በረድ ሲልና ሰው ወደ አሸዋው ሲጎርፍ፣ ሁሉም የሚያምንበት አንድ ሃይማኖት አለ፦ ረጅም ይሻላል። ምን ያህል ረጅም? ጓደኛ ካስገባው ትንሽ የሚበልጥ!

እኔ ሻርጃ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ክንዱን የሚፈቱትም የሚያስሩትም እነዚህ እጆች ናቸው። ስለዚህ «ስለማታውቀው ነው» እንዳትሉኝ። «ቀንተህ ነው»ም አይሠራም፤ እናንተ ባስረዘማችሁ ቁጥር እኔ እከፈላለሁ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን እስከ መቼ?

መጀመሪያ ለረጅሙ ክንድ የሚገባውን ልስጠው። ያማሃ ባንሺ የሚባለውን ኳድ ውሰዱ። 347 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2006 ተሽጧል፤ እዚያ ከገበያ ከወጣ በኋላም በባሕረ ሰላጤው አሸዋ ላይ ንግሥናውን አልለቀቀም። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 1280 ሚሊሜትር ነው። ሲሊንደሩና ጭስ ማውጫው ተቀይረው፣ ከኋላ አሸዋውን እንደ መቅዘፊያ የሚገፋ ፓድል ጎማ ሲገባለት ፊቱ ወደ ሰማይ ማየት ይጀምራል። ጋዝ ሲሰጥ ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻላ! የኋላ አክስሉ በራቀ ቁጥር ግን የነጂውና የሞተሩ ክብደት ፊቱን ወደ ታች የሚጫንበት አቅም ያድጋል። በካሊፎርኒያው ግላሚስ ኦልድስሞቢል ሂልን የሚወጡት፣ 300 ጫማ ወይም 91 ሜትር ያህል በቀጥታ የሚወነጨፉት የአሸዋ ድራግ ተወዳዳሪዎች ፕላስ 8፣ ፕላስ 10፣ ከዚያም በላይ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ሊዋ ድረስ ሄዶ ታል ሞሪብ የተባለውን የአሸዋ ኮረብታ ለመውጣት የተሠራ ጉልበተኛ ኳድም እንዲሁ። እነሱ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ይጨርሳሉ። ኳዳቸውን ጭነው ይመለሳሉ። መጠማዘዝ ሥራቸው አይደለም።

እናንተስ? ሳምንቱን ሙሉ ሠርታችሁ በእረፍት ቀን ከአንዱ የአሸዋ ኮረብታ ወደ ሌላው ስትጠማዘዙ ነው የምትውሉት። ስትዘሉ፣ ስትወርዱ፣ በጎን ስታቋርጡ። ቀጥታ መስመር ላይ ስንት ደቂቃ ቆያችሁ? ታዲያ ለዚያች ደቂቃ ብላችሁ የቀኑን ሌላ ሰዓት ሁሉ ለምን ታበላሻላችሁ?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 1280 ላይ 254 ሚሊሜትር ጨምሩ። 1534 ሆነ። መሪው የሚታጠፍበት ልክ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ለመዞር የምትፈልጉት ቦታ በአንድ አምስተኛ ያህል ሰፋ። የስፖርት ኳድ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ዲፈረንሻል የለውም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሁልጊዜ እኩል ይዞራሉ። ድሮም መታጠፍ የሚወድ ነገር አልነበረም፤ እኛ ደግሞ እንዲብስበት አደረግነው። ጫፍ ላይ ወጥታችሁ ከማዶ ሰው ቆሞ ብታገኙ ያ የጎደለው ቦታ ከየት ይመጣል? ከቆመው ሰው እግር ላይ ተቆርጦ?

ጫፉ ስለት በሆነ ኮረብታ ላይማ ሌላ ጉድ አለ። የፊት ጎማ ይሻገራል፤ የኋላው ገና አልደረሰም፤ መሀል ላይ ሆዱ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። ነጂው ወርዶ ይጎትታል። ከኋላው የሚመጣው ጫፉን ሳያይ ጋዝ ሰጥቶ ይወጣል። ቀሪውን ለእናንተ ልተወው።

ስለ ክብደትም እናውራ፤ ማንም አይነግራችሁምና። ኳዱ ከነነጂው ቆሞ ሳለ ከመቶው 55 እጅ ክብደቱ ኋላ ላይ ነበር እንበል። አክስሉን 25 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ስትገፉት ያ ድርሻ ወደ 48 ገደማ ይወርዳል። አሸዋ ላይ የሚገፋችሁ የኋላ ጎማ ነው። ጎማው የሚይዘው ደግሞ ክብደት ሲጫነው ነው። ጉልበተኛ ሞተር ሲወነጨፍ ክብደቱን መልሶ ወደ ኋላ ያመጣዋል። ያልተነካ ሞተር ግን ከየት ያመጣዋል? ባለበት ይቆፍራል። ፍጥነት ልትገዙ ሄዳችሁ ጉድጓድ ገዝታችሁ ተመለሳችሁ!

አሁን ወደ ግብዝነቱ ልምጣ። ሰውዬው የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ክንድ ይዞ ይመጣል። ዋጋውን ሳይጠየቅ ይናገራል። «ሾኩስ?» ስለው «ተወው፣ ደህና ነው» ይለኛል። ደህና ነው? ክንዱ 50 ሳንቲሜትር ነበር እንበል፤ 25 ተጨመረበት። የሾኩ ማያያዣ በነበረበት ከቀረ ጎማው ሞላውን የሚጫንበት ጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጎማው ላይ ያለው የሞላው ጥንካሬ ደግሞ በዚያው ልክ ብቻ አይቀንስም፤ በካሬው ነው። 1.5 ሲባዛ በ1.5፣ 2.25። ጥንካሬው ከግማሽ በታች ወረደ! አንዳንድ አምራቾች የሾኩን ማያያዣ አብረው በማዛወር ይህን ያካክሳሉ። የናንተው አምራች አዛውሮታል? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እንዲህ ያለ ኳድ የጋራዡን በር ሲያልፍ ያስታውቃል። ኋላው ተቀምጧል። መቀመጫውን በአንድ እጄ ስጫነው እስከ ታች ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላ ፍሬን ቱቦ ከክንዱ ጋር አብሮ ስላልረዘመ ተወጥሮ፣ ማያያዣው ሥር ተላልጦ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ይታያል። ወደ ሰንሰለቱ ስዞር የባሰ አለ። የ520 ሰንሰለት አንዱ ቀለበት 15.875 ሚሊሜትር ነው፤ 10 ኢንች ሲጨመር 32 ተጨማሪ ቀለበት ይፈልጋል። አንድ ወጥ ረጅም ሰንሰለት መግዛት ሲገባው አዲሱ ላይ የአሮጌ ቁራጭ ተቀጥሎ፣ መጋጠሚያው በክሊፕ ተይዞ፣ ክሊፑ ደግሞ ክፍት አፉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞሮ ተሰክቷል። አንድ ነገር ሲነካው እንዲወልቅ የተመቻቸ!

ለክንዱ ገንዘብ ነበረ። ለፍሬኑ ጠፋ። ለምን? ክንዱ ፎቶ ላይ ይታያል። የፍሬን ቱቦ አይታይም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ፍልስፍና አትደርድሩልኝ።

«ለደህንነት ብለን ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይገለብጠን» የሚሉኝ ደግሞ አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ደህንነት የሚያሳስበው ሰው ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠልጥሎ አይነዳም። ለአንድ ሰው በተሠራ ኳድ ላይ ታናሽ ወንድሙን ከኋላ አፈናጦ ኮረብታ አይወጣም። ደግሞስ ረጅም ክንድ ወደ ኋላ መገልበጥን ያዘገያል፤ ወደ ጎን መገልበጥንስ? ክንዱ ኳዱን በአንድ ሚሊሜትር እንኳ አያሰፋውም። ደረቅ አሸዋ በተፈጥሮው እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ተዘንብሎ ይቆማል። በዚያ ተዳፋት ላይ በጎን ስታቋርጡ የሚይዛችሁ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ነው። ርዝመቱ ምን ያደርግላችኋል? ጭራሽ ወደ ቁልቁለቱ ቶሎ መታጠፍ ሲገባችሁ እምቢ ይላችኋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ? አይደለሁም! ሻጩ ያውቃል፤ ግን ረጅሙ ክንድ ዋጋው ይበልጣል፤ ምን በወጣው? ጓደኛው ያውቃል፤ ግን «ፈራህ» እንዳይባል ይሉኝታ ይይዘዋል። ባለቤቱ ራሱ የመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ገብቶታል። ኳዱ አልታጠፍ ሲለው፣ ኋላው እያረገደ ወገቡን ሲመታው ገብቶታል። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። አምስት ሰው ፊት «ይህ ነው ክንድ!» ብሎ የፎከረ ሰው ስድስተኛው ጋ ሄዶ «ተሳስቻለሁ፣ መልስልኝ» እንዲል ትጠብቃላችሁ? እናንተም ይህን የምታነቡት በልባችሁ «እውነቱን ነው» እያላችሁ ነው። ታዲያ እሳት ዙሪያ ሻይ ስትጠጡ ለምን አትናገሩም? ማን አፋችሁን ያዘው?

ዝምታው ዕዳ አለው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ከእኛው ልጆች አንዱ በስንት ወር ደሞዝ ያጠራቀማትን ድርሃም ይዞ ያገለገለ ኳድ ይገዛል። ፕላስ 10 ገብቶለታል። ኦርጅናሉ ክንድ የት አለ? ተሽጧል፤ ወይም የጋራዥ ጓሮ ውስጥ ዝጎ ወድቋል። ልጁ ገና ለማጅ ነው። አልታጠፍ ሲለው ራሱን ይወቅሳል። ሲወድቅ «አልችልበትም» ይላል። ከእሱ በፊት የነዳው ሰው ለፎቶ ብሎ ያበላሸው መሆኑን ማን ይንገረው? የሸጠለት ሰው «ሙሉ የተሠራ ነው» ብሎ ዋጋ ጨምሮበታል እኮ! የተሠራው ለማን ነው? ለምንድን ነው?

ታዲያ ምን ይሻላል? የሚሻለውማ ግልጽ ነው። ሞተሩ ካልተነካ፣ የምትነዱትም ኮረብታ ለኮረብታ ከሆነ፣ የፋብሪካውን ክንድ አትንኩት። ረጅም ከሆናችሁ ወይም ክብደት ካላችሁና ዳገት ላይ ፊቱ ካስቸገራችሁ ፕላስ 2፣ ቢበዛ ፕላስ 4 ይበቃችኋል። በፕላስ 4 መዞሪያው የሚሰፋው 8 በመቶ ያህል ነው፤ ይቻላል። ሞተሩ በደንብ ተሠርቶ፣ ወደ ፊት ተደፍታችሁም ሦስተኛ ማርሽ ላይ ፊቱ አልወርድ ካላችሁ ፕላስ 6 አስቡ። ፕላስ 8ና ከዚያ በላይ ቀጥታ ለሚወነጨፍና ትልቅ ዳገት ብቻ ለሚወጣ ኳድ ነው። ሁለቱንም እፈልጋለሁ የሚል ደግሞ ሁለት ክንድ ይግዛና እየቀያየረ ያስገባ። ከሁሉ በፊት ግን ለስለስ ያለ ሜዳ ላይ ውጡና ጋዙን እስከ ጥግ ስጡት። ፊቱ ካልተነሳ ጨዋታው አለቀ። ገንዘባችሁን ለሾክ፣ ለጎማና ለሄልሜት አውሉት።

የመረጣችሁት ምንም ይሁን ምን ክንዱ ብቻውን አይገባም። ከልኩ ጋር የሚሄድ ሞላ፣ አንድ ወጥ ሰንሰለት፣ የረዘመ የፍሬን ቱቦ አብረው ይገባሉ። ለሦስቱ ገንዘብ የለኝም የሚል ለክንዱም ገንዘብ የለውም ማለት ነው።

ከእንግዲህ እኔ ጋ ክንድ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሦስት ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሞተሩን ምን አደረግኸው? የት ነው የምትነዳው? ሾኩንስ ማን ይቀይረዋል? ሦስቱን የመለሰ እሰየው፣ ቁልፌን አነሳለሁ። ያልመለሰ ክንዱን ተሸክሞ ይመለስ። ያኮረፈም ያኩርፍ። ጎን ያለው ጋራዥ ሳይጠይቅ ይገጥምለታል፤ እናንተ ግን እዚያ በር ላይ ስታገኙት ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ንገሩት!