የሻይ ሰዓት ሊቃውንት

በግቢያችን ውስጥ ከሁሉ የረከሰ ነገር ቢኖር ስለ ሳይንስ የሚሰጥ አስተያየት ነው። የሻይ ዋጋ እንኳ በየጊዜው ይጨምራል፤ አስተያየት ግን እንደ ጥንቱ በነጻ ይታደላል። በዐሥር ሰዓት ወደ ተማሪዎች ክበብ ጎራ ያለ ሰው፣ የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ፣ የዓለም የኃይል ችግር ተወግዶ፣ ካንሰር ድል ተነሥቶ፣ ማርስም የሰው መኖሪያ ሆና ያገኛታል። በሚቀጥለው ጠረጴዛ ደግሞ ይኸው ሁሉ የፈረንጅ ውሸት ነው ተብሎ ተፈርዶበታል። ሁለቱን ጠረጴዛዎች አንድ የሚያደርጋቸው፣ ያነበቡት አርእስቱን ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን የምንጽፈው እኛ ከሌላው ተሽለን ስለ ተገኘን አይደለም። እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከነበሩት መካከል ነን፤ ስለዚህ ክሱን ከራሳችን እንጀምራለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2023 በጁላይ ወር የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች፣ ከእርሳስ፣ ከመዳብ፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የተሠራ ኤልኬ-99 የተባለ ውሁድ፣ በተራ የክፍል ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ያሳልፋል የሚል ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ገና በሌሎች ሊቃውንት አልተመረመረም ነበር። እንዲህ ያለው ጠባይ በ1911 በመጀመሪያ በሜርኩሪ ላይ ሲገኝ፣ ሜርኩሪውን ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ማቀዝቀዝ አስፈልጎ ነበር። ስለዚህ የኮሪያው ወሬ እውነት ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ታላቅ ነበር። አንድ ጥቁር ቁራጭ በማግኔት ላይ በአንድ ጎኑ ብድግ ብሎ የሚያሳይ ፊልም በየስልኩ ዞረ። ክበባችን በእልልታ ተናወጠ። ከግድብ እስከ ከተማ በመሥመር ላይ የሚባክን ኃይል አይኖርም ተባለ፤ እኛም ይህንኑ ስንደግም ነበር።

አንድ ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነገሩ ተለየ። በቻይና የሳይንስ አካዳሚ ተመራማሪዎች፣ በ104 ዲግሪ አካባቢ የሚታየው የሬዚስታንስ ድንገተኛ መውረድ የመጣው ከውሁዱ ሳይሆን ከውስጡ ከቀረው ባዕድ ነገር፣ ማለት ከመዳብና ከድኝ ውሁድ መሆኑን አሳዩ። በጀርመን አገር በሽቱትጋርት የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ደግሞ ንጹሑን ክሪስታል አሳድጎ ቢለካው፣ ኤሌክትሪክን የሚከለክል ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ በክበባችን ምን ሆነ? «እኛ ድሮም ውሸት ነው ብለናል» የሚሉት ድል አድራጊዎች ሆኑ። እኛ ግን ለእነርሱም አክሊል አንሰጥም። ሳይለካ «እውነት ነው» ያለና ሳይለካ «ውሸት ነው» ያለ ሰው ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው ተሳሳተ፣ ሌላው ዕድል ቀናው፤ ያወቀ ግን ከሁለቱም የለም። ያወቁት፣ ምድጃ አንድደው፣ ውሁዱን ሠርተው፣ ሽቦ ገጥመው የለኩት ናቸው።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። በ2022 ዲሴምበር 5 ቀን በካሊፎርኒያ የሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ፣ 192 የሌዘር ጨረሮችን የሃይድሮጅን እንክብል ወደ ያዘች አንዲት ትንሽ ዕቃ አነጣጥሮ፣ 2.05 ሜጋጁል አስገብቶ ከአስኳሎች ውሕደት 3.15 ሜጋጁል አገኘ። «ፀሐይ በምድር ላይ ተሠራች፤ የግድብ ዘመን አበቃ» ተባለ። አንድ ሰው እርሳስና ወረቀት ቢያወጣ ኖሮ ይበቃ ነበር። 3.15 ሜጋጁል ማለት ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው። 3 ተኩል ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብናስብ፣ የሚያሠራው ለ15 ደቂቃ ነው። ሌዘሮቹን ለማስነሣት ከመሥመር የተሳበው ኤሌክትሪክ ግን 300 ሜጋጁል ያህል ነበር፤ ይህም ያንኑ ምጣድ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያህል ያነደው ነበር። የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ኃይል ተከፍሎ የሩብ ሰዓት እንጀራ ተጋገረ ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ ከንቱ ነበርን? አልነበረም። ከገባው የጨረር ኃይል የበለጠ ኃይል ከውሕደቱ ሲወጣ በላቦራቶሪ ውስጥ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ሊቃውንቱ ለዚህ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ደክመዋል። በእልልታ የተቀበለውም፣ በፌዝ የመለሰውም ይህን ሊያየው አልቻለም። ሒሳቡን የሠራ ሰው ግን ታላቅነቱንም ርቀቱንም ባንድነት ያያል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ተማሪ በሻይ ሰዓት መጫወት ተከለከለ ወይ?» ይሉናል። አልተከለከለም። እኛ ጨዋታን አልጠላንም። የምንፈራው ጨዋታው ከክበቡ ወጥቶ ላቦራቶሪ መግባቱን ነው፤ እነሆ፣ ገብቷል።

መምህራኖቻችን ይህን ክፍል በጥሞና እንዲያነቡልን እንለምናለን። በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት በፔንዱለም የምድርን የስበት ፍጥነት እንለካለን። በመማሪያ መጽሐፍ ያለው ቁጥር 9.81 ነው። በጥንቃቄ ለክቶ 9.6 ያገኘ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከአምና ደብተር ገልብጦ 9.81 የጻፈው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ሁላችንም 9.81 እናገኛለን። ጉዱ ግን ይህ ነው፤ 9.81 የፓሪስ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ እዚህ ያለው እውነተኛ ቁጥር 9.77 ገደማ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ ፔንዱለም ይህን ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ በደብተሮቻችን ውስጥ የምትወድቀው ድንጋይ የምትወድቀው በፓሪስ እንጂ በአዲስ አበባ አይደለም። የገዛ አገራችንን ስበት ሳንለካ የኮሪያን ክሪስታል እንዳኛለን!

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ይነጻጸር። በ2011 ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን፣ ከጄኔቭ ተነሥተው በመሬት ውስጥ 730 ኪሎሜትር ያህል ተጉዘው ኢጣሊያ የደረሱ ኒውትሪኖዎች ከብርሃን 60 ናኖሰከንድ ቀድመው ገቡ የሚል ውጤት አገኘ። ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ይጋጫል። እነርሱ ግን ቁጥሩን «አስተካክለው» አልደበቁትም፤ ወይም አይንሽታይን ወደቀ ብለው አልፎከሩም። ያገኙትን እንዳለ አውጥተው «ስሕተታችንን ፈልጉልን» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት በደንብ ያልተገጠመ አንድ የመስታወት ክር ገመድ ተገኘ። ይህ ለእነርሱ ውርደት መስሎ የሚታየው ሰው ሳይንስ ምን እንደ ሆነ ገና አልገባውም። በእኛ ላቦራቶሪ ቢሆኑ ኖሮ ነጥብ በተቀነሰባቸው ነበር።

«ይህ ሁሉ ለሕዝቡ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች። የሳይንስ ወሬ የነበረው ነገር የአገር ሕግ ሆነ ማለት ነው። በክበባችን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጮኸ፤ ግማሹ «ሠለጠንን»፣ ግማሹ «ጠፋን» አለ። ነገር ግን ከደጀን ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መኪና ከባትሪው ምን ያህል ይበላል ብሎ ያሰላ አልሰማንም። ክብደቱ 1500 ኪሎ የሆነ መኪና 1000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ፣ የአየርና የጎማ ፍትጊያ ሳይቆጠር፣ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የዓባይ ሸለቆ ዳገት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ የአንደኛ ዓመት ሒሳብ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ስንቱን ይመልሳል? ባትሪው ሲያረጅ ማን ይጠግነዋል? ይህን የሚመልስ ካልተገኘ፣ ሕጉን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ያው ወሬኛ ነው።

ዛሬ በክበብ ያለ ሚዛን የሚፈርድ ተማሪ ነገ በኮሚቴ ወንበር ተቀምጦ ያለ ሚዛን ይፈርማል። ሻጩ ያመጣለትን ወረቀት እንደ ወንጌል ተቀብሎ ማሽን ያስገዛል፤ ወይም «የፈረንጅ ውሸት ነው» ብሎ የሚጠቅመውን ያስመልሳል። በሁለቱም በኩል ዋጋውን የሚከፍለው ክበባችንን አይቶት የማያውቀው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የላቦራቶሪ መምህራን ነጥብ የሚሰጡት ለመጽሐፉ ቁጥር ሳይሆን በእውነት ለተመዘገበ ልክና ለስሕተቱ ማብራሪያ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን በክበቡ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ያቁም፤ የሳይንስ ወሬ የሚለጥፍ ሁሉ ከሥሩ አራት መልስ ይጻፍ፦ ማን ለካው? በምን ለካው? ሌላ ሰው ደግሞታልን? ያልተነገረው ሒሳብ የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ይህ ጋዜጣችን ራሱ ስሕተት ባወጣ ቁጥር እርማቱን በመጀመሪያው ገጽ ያትም። ከዚህ እትም ጀምሮ በዚህ እንገደዳለን።

አባቶቻችን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላሉ። ገንፎውን ሳይቀምሱ «ስንጥር አለበት» እያሉ መጮህ ግን መጠርጠር አይደለም። የጠረጠረ ሰው እጁን ሰድዶ ስንጥሩን ያወጣል፤ ካላገኘም እንዳላገኘ ይናገራል። ፔንዱለሙ በላቦራቶሪው ውስጥ ተሰቅሏል፤ የሩጫ ሰዓትም በየኪሳችን አለ። እስቲ በዚህ ሳምንት ሄደን የራሳችንን ቁጥር እናምጣ።