የቤድፎርዱ ጋቢና

የሱዳኗን ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ ገበያዋ የሚያውቃት ሰው ቤድፎርድ የተባለውን የጭነት መኪናም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1958 እንግሊዝ ውስጥ መመረት የጀመረው ቤድፎርድ ቲጄ ሱዳን ሲደርስ የጭነት ሳጥኑን የሠሩለት የአገሬው አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ናቸው። ጋቢናውንም የአገር እጅ ያልብሰው እላለሁ። ከዝናቡ ወራት በፊት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር የፕላስቲክ ወንበር ልብስ ጭን ያቃጥላል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ግን ላብ ይመጥጣል፣ ይታጠባል፣ ስፌቱ ቢተረተርም ሹፌሩ ራሱ በመርፌ ይመልሰዋል። መሪው በቆዳ ይጠቅለል፤ በወንበሮቹ መሀል ለውኃ ጀሪካን የሚሆን የእንጨት ሳጥን ይቀመጥ። የሞተር ሙቀት ጠቋሚውን የሚጋርድ ጌጥ ግን፣ ምንም ቢያምር፣ ይነሳ። የድሮውን ብረት በመሰርሰሪያ ሲበሱት ማየት ያሳዝነኛል፤ የጀሪካኑን ሳጥን እኮ በነባሩ የወንበር ቡሎን ማሰር ይቻላል።